ቦርከናን ማን ያንሳው? የአካባቢ ጉዳትን በፎቶግራፍ ስለመመዝገብ

ባለፈው ሚያዝያ ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ቦርከና ወንዝ ከሚገቡት ጅረቶች በአንዱ ዳር ቆሜ ፎቶ ሳነሳ አንድ አዛውንት አህያቸውን እየነዱ መጡ። አህያዋ ውሃው ዳር ስትደርስ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ አሸተተች፤ ከዚያም ፊቷን መለሰች። አዛውንቱ አልተደነቁም። ገመዷን ሳብ አድርገው ወደ ላይኛው ምንጭ ሊወስዷት ሲነሱ «አባባ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» ብዬ ያነሳሁትን አሳየኋቸው። ድልድዩ፣ ከሥሩ የተጠራቀመው ነጭ አረፋ፣ የጧት ፀሐይ ያረፈበት ውሃ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ እንዲያውም አሳመርኸው። እኔ የማውቀው ሽታው ነው፤ ሽታውን የት አደረግኸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፎቶግራፍ ሽታ አይዝም። በውሃ ውስጥ የሟሟ መርዝም አይዝም። ታዲያ የተጎዳ ወንዝ ወይም የተራቆተ ተራራ በፎቶ የሚመዘገበው እንዴት ነው? ሥዕሉስ ከሥዕልነት አልፎ ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው? ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን ኬሚስትሪም፣ ሕግም፣ የሰው ክብርም ያለበት ውስብስብ ጉዳይ ነው።

ወሎ ለካሜራ እንግዳ አይደለችም። በ1860 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሜራ የያዙ ወታደሮች አብረውት ነበሩ፤ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ አምባው የነበረውን መንገድ በዚያ ዘመን ግዙፍ መሣሪያ አንሥተውታል። በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ተሸሽጎ የነበረውን የወሎ ረሀብ ለዓለም አሳየ፤ ያ ፊልም የንጉሡን መንግሥት ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። በጥቅምት 1977 ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም የቀረጸው ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ብራዚላዊው ሰባስትያኦ ሳልጋዶም በዚያው ዘመን ኮረም ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች እስከ ዛሬ በየኤግዚቢሽኑ ይታያሉ።

እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን አላሳንስም። ሥራቸው የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ሁልጊዜም ካሜራው የመጣው ከውጭ ነው፤ የመጣውም ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ረሀቡ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ዓመታት አፈሩ ሲታጠብ፣ ምንጩ ሲቀንስ፣ ቁጥቋጦው ሲመነጠር ያነሳ ሰው አልነበረም። ቀስ እያለ የሚመጣ ጉዳት ለእንግዳ ካሜራ አይመችም። የዛሬው ወንዝ ከትናንቱ አይለይም፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ግን ይለያል። ልዩነቱን ሊያሳይ የሚችለው እዚያው የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

አሁን በኮምቦልቻ ላይ እየሆነ ያለው እንዲህ ያለው ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የብረታ ብረት፣ የቢራ ፋብሪካዎች አሏት። በሐምሌ 2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም፤ በየፋብሪካው የሚሠሩት የጎረቤቶቼ ልጆች ናቸው፤ ስንት ቤት የሚተዳደረው በእነሱ ደመወዝ ነው። ችግሩ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። በችኮላ በሚለማ አገር ሁሉ ፋብሪካው በሁለትና በሦስት ዓመት ይቆማል፤ ፍሳሹን የሚለካው ላቦራቶሪ፣ የሚቆጣጠረው ባለሙያ፣ ባለሙያውን የሚያመላልሰው መኪና ግን ያን ያህል አይፈጥኑም። በመሐል የሚቀረው ክፍተት ነው። ያንን ክፍተት ለጊዜውም ቢሆን ሊሞላ ከሚችለው አንዱ ዐይንና ካሜራ ነው።

ቦርከና ደግሞ የኮምቦልቻ ብቻ አይደለም። ከኩታበር በኩል ካሉት ተራሮች ይነሳል፤ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያ በሐርቡና በከሚሴ በኩል አልፎ የጨፋን ረግረግ ያጠጣና በመጨረሻ አዋሽን ይቀላቀላል። ጨፋ በበጋ የኦሮሞውም የአፋሩም የአማራውም ከብት ሳር ፍለጋ የሚወርድበት ሜዳ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የተጣለው ጨፋ ላይ ይጠጣል።

እንግዲህ ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። ካሜራ ምን ያያል፣ ምን አያይም? የጨርቅ ማቅለሚያ ውሃውን ቀይ ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ፎቶ ላይ እንደ እሳት ያበራል፤ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ከምግብና ከመጠጥ ማምረቻ የሚወጣ ፍሳሽ ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙ ደብዛዛ ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በውስጡ ያለውን ብስባሽ የሚመገቡ ረቂቅ ሕዋሳት የውሃውን ኦክስጅን ሲጨርሱት ነው። ዓሣው ታፍኖ ይሞታል፤ ውሃው ግን ፎቶ ላይ ያው ውሃ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም ነው። ፍሳሹ ሳይጣራ ከተለቀቀ ክሮሚየሙ በውሃው ታዝሎ ይሄድና ከደለሉ ጋር ይቀመጣል፤ በመስኖ ወደ ማሳ ይገባል። ወደ ቦርከና በሚገቡ የኮምቦልቻ ጅረቶች ላይ የተሠሩ የታተሙ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና ዚንክ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። እነዚህን ብረቶች በዐይኑ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ በጣም የሚያስደነግጠው ፎቶ የግድ በጣም የሚጎዳውን ነገር አያሳይም፤ እንከን የሌለው የሚመስለው ውሃም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ይህን ያልተረዳ ፎቶ አንሺ ቀይ ውሃ ብቻ እያሳደደ ይኖራል።

የማይታየውን በማሳየት ረገድ እስከ ዛሬ አርአያ የሚሆነው የሚናማታ ሥራ ነው። ሚናማታ በጃፓን ደቡብ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ቺሶ የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕረ ሰላጤዋ ሲለቅ ቆየ። ጃፓን ከጦርነቱ አመድ ተነስታ በሩጫ የምታድግበት ዘመን ነበር፤ ኩባንያውም የከተማዋ እንጀራ ነበር። ሜርኩሪው በዓሣው፣ ዓሣው በሰው ሆድ ገባ። በሽታው በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ መንግሥት ምክንያቱ የኩባንያው ፍሳሽ መሆኑን ያመነው ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዩጂን ስሚዝና ባለቤቱ አይሊን እ.ኤ.አ. በ1971 ወደዚያች ከተማ ሄዱ። ለሳምንት ብለው የሄዱ እንግዶች አልነበሩም፤ ቤት ተከራይተው ሦስት ዓመት ያህል ኖሩ። ባሕሩን ቢያነሱት ሰማያዊና ውብ ነበር። ስለዚህ ያነሱት መርዙን ሳይሆን መርዙ ያረፈበትን ነው፦ የተጣመመ የእጅ ጣት፣ ፍርድ ቤት የቆሙ ቤተሰቦች፣ በማኅፀን ሳለች የተመረዘች ልጇን ታቅፋ ገላዋን የምታጥብ እናት። እ.ኤ.አ. በጥር 1972 ስሚዝ ከበሽተኞቹ ጋር ወደ ኩባንያው በሄደበት በሠራተኞቹ ክፉኛ ተደበደበ፤ ዐይኑም ተጎዳ። ከዚያም በኋላ ሥራውን አላቆመም።

ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው። ውሃው ካልተናገረ ውሃው የነካቸው ይናገራሉ። በመስኖው ዳር ጫፉ የተቃጠለ የጎመን ቅጠል፣ አህያ የሸሸችው ዳርቻ፣ ልብስ ለማጠብ ሁለት ሰዓት ርቃ የምትሄድ እናት፣ ሥራ ፈትቶ የቆመ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የጎመኑ ቅጠል በውሃ እጦት ወይም በተባይም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት ቀላል ዘዴ አለ፦ ከፍሳሹ መግቢያ በላይ ያለውን ወንዝ ያነሳሉ፤ መግቢያውን ያነሳሉ፤ ከመግቢያው በታች ያለውንም ያነሳሉ፤ ሦስቱንም በአንድ ቀን፣ በተቀራራቢ ሰዓት። በየቦታው በንጹሕ ጠርሙስ ውሃ ይቀዳል፤ ጠርሙሱ ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል፤ ጠርሙሱ ራሱ ወንዙ ዳር ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። በአቅራቢያ ያለ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውሃውን ከለካው ፎቶውና ቁጥሩ ተጋብተው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ «ቀድሞም እንዲህ ነበር» የሚለው መልስ አይሠራም፤ ከላይ ያለው ውሃ ቀድሞ የነበረውን ራሱ ይመሰክራልና።

ቀጥሎ የሚመጣው መመላለስ ነው፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው። ቻይናዊው ሉ ጓንግ ካሜራ የጨበጠው የፋብሪካ ወዛደር ሳለ ነው። ቻይና በዓለም ታሪክ ባልታየ ፍጥነት ስታድግ እሱ በየወንዙ ዳር እየዞረ የፍሳሽ ቱቦዎችን፣ የከሰል አቧራ የለበሱ ሠራተኞችን፣ ወንዙ ዳር የታመሙ መንደሮችን ለዓመታት አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዩጂን ስሚዝ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራው ነው። አንድ መንደር አንድ ጊዜ ሄዶ አይመለስም ነበር፤ ይመለሳል፤ ከዓመታት በኋላም የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ያነሳል። ይህ ሥራ ያለ ዋጋ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በሺንጂያንግ ታሰረ፤ መለቀቁ የተሰማው በዓመቱ ነው።

መመላለስ የራሳችንንም አጉል እምነት ይፈትናል። ቅድም ያነሳኋቸው የ1860 የመቅደላ ዘመቻ ፎቶዎች ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ሠርተዋል። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ አሮጌዎቹን ፎቶዎች ይዘው የተነሱበትን ትክክለኛ ቦታ እየፈለጉ ከዚያው ነጥብ እንደገና አነሱ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ያኔ ደን፣ ዛሬ በረሃ የሚል ታሪክ ነበር። ያገኙት ሌላ ነው፦ በብዙዎቹ ቦታዎች ተራራው ያን ጊዜም የተራቆተ ነበር፤ ዛሬ ባሕር ዛፉም ሌላው ዕፅዋትም በዝቶ ይታያል። ከልጅነታችን ጀምሮ በየመጽሐፉ «ከመቶ ዓመት በፊት አገራችን 40 በመቶ በደን ተሸፍና ነበር» ስንባል አድገናል፤ ያን አኀዝ ማን እንደለካው የሚያሳይ ሰው ግን የለም። ፎቶው ይህን ሲያርም ለአካባቢ ጥበቃ ክፉ አላደረገም። ሰው የተከለውና የጠበቀው መሬት እንደሚያገግም አሳየ፤ ይህ ከተስፋ መቁረጥ ይሻላል። ጉዳትን ለመመዝገብ የሚወጣ ሰው ማገገምንም ለመመዝገብ ካልተዘጋጀ የሚያምነው አያገኝም።

ለመመላለስ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የማይነቃነቅ ቦታ ይመረጣል፦ የድልድይ ጠርዝ፣ ትልቅ ድንጋይ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አጥር ማዕዘን። ስልኩ ሳያቀርብ ሳያርቅ በመደበኛ መጠኑ ይነሳል። ለመጠን መለኪያ የሚሆን ነገር፣ ሰው ወይም ዱላ፣ በሥዕሉ ውስጥ ይገባል፤ ያለዚያ ቦረቦሩ ጉልበት ይሁን ሦስት ሜትር አይታወቅም። ከሁሉ በላይ ወሩ ይጠበቃል። የየጎፍን ደን ወይም የጦሳን ተራራ ዘንድሮ በመስከረም፣ ከርሞ በግንቦት አንስቶ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሰው ሳያውቅ ይዋሻል፤ አንዱ የአደይ አበባ ወር ነው፣ ሌላው የደረቅ ሳር። ቦርከናም በነሐሴ በጎርፍ ይደፈርሳል፤ የፋብሪካው ፍሳሽ በአፈሩ ቀለም ይዋጣል። ወንዙን ማንሳት የሚሻለው ውሃው ሲያንስ ነው፤ በየዓመቱም በዚያው ወር።

ሳተላይትም ይረዳል። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ ምስላቸው ለማንም በነጻ ይሰጣል። የሐይቅን ዳርቻ ወይም የጨፋን ረግረግ ስፋት ከዓመት ዓመት ለማየት እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም። ጠባብ ጅረት ግን ከዚያ ከፍታ አይታይም። ለእሱ እግር ያስፈልጋል።

የፎቶ መግለጫን ነገር ሰው ይንቀዋል። እኔም እንቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ዓለም አቀፍ የፎቶ ውድድር አንዲት የቤልጂየም የኢንዱስትሪ ከተማን ኑሮ ለሚያሳይ ተከታታይ ሥራ የሰጠውን ሽልማት ነጠቀ፤ ከፎቶዎቹ አንዱ የተነሳው በዚያች ከተማ ሳይሆን በብራስልስ መሆኑ በመታወቁ ነው። አንድ የቦታ ስም ተሳስቶ ሥራው ሁሉ ወደቀ። እኛ ዘንድም ከሌላ አገር የተወሰደ የሞተ ዓሣ ፎቶ «ቦርከና ነው» ተብሎ ሲዞር አይቻለሁ። ያን ያደረገ ሰው ወንዙን የጠቀመ መስሎት ነበር፤ ውሸቱ ሲታወቅ ግን እውነተኛዎቹም ፎቶዎች አብረው ተጠረጠሩ። ቀለም አጉልቶ ውሃውን ማቅላትም ያው ነው። ዋናው ፋይል ሳይነካ መቀመጥ አለበት። አንድ ብዙዎች የማያውቁት ነገር ልጨምር፦ ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ በውስጡ ያለው የሰዓትና የቦታ መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

የሰውን ክብር በተመለከተ ሚናማታ ሌላም ትምህርት አላት። ያቺ እናት ልጇን የምታጥብበት ፎቶ ዓለምን ዞሯል፤ ለበሽተኞቹ ትግልም ብዙ ረድቷል። ልጅቷ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ግን ቤተሰቡ ምስሏ አሁንስ ይረፍ አለ። አይሊን ስሚዝም ቃላቸውን አክብራ ፎቶውን ከሕትመት አነሳችው። ይህን ሳነብ ኮረም ትዝ ይለኛል። በ77 የተነሱት ሰዎች ስም ከፎቶው ሥር የለም። ከመካከላቸው የተረፉ አሉ፤ ልጆቻቸው ዛሬ ደሴ፣ ወልድያ፣ አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ የእናታቸውን ፊት በሰው አገር መጽሔት ላይ ያዩም ይኖራሉ። ወንዝ ዳር የምናገኘው ሰው ማንነቱ እንዳይታወቅ ከፈለገ እጁን ወይም ጀርባውን ማንሳት ይበቃል። በፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲሆን ደግሞ እንጀራው ነውና ፊቱ መታየት የለበትም። ፎቶው የት እንደሚወጣ ነግሮ ማስፈቀድ፣ ሲወጣም ወስዶ ማሳየት የእኛም ባህል የሚጠይቀው ነው።

ማስረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የሚሄድበት በርም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያውጃል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ ማለት ጨፋ ላይ ከብት የሚያጠጣ እረኛ ኮምቦልቻ ስለሚለቀቅ ፍሳሽ መክሰስ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ላለው አቤቱታ ቀንና ቦታ የተጻፈበት፣ ለሦስት ዓመት በአንድ ወር ከአንድ ድልድይ የተነሳ ፎቶ ትልቅ ጉልበት ይሆናል። በሰው አልባ አውሮፕላን ከሰማይ ለማንሳት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሳይዙ መነሳት ሥራውንም ሰውየውንም ያስጠፋል።

አዛውንቱን ከሳምንት በኋላ እዚያው ድልድይ ላይ አገኘኋቸው። ከፎቶው ሥር የጻፍኩትን አነበብኩላቸው፦ «ኮምቦልቻ፣ ወደ ቦርከና የሚገባ ጅረት፣ አረፋ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አህያዋንስ?» አሉኝ። ማስታወሻዬን አውጥቼ እሳቸው እየነገሩኝ እንደገና ጻፍኩ። አሁን ከፎቶው ሥር ያለው ይህ ነው፦ «ኮምቦልቻ፣ ወደ ቦርከና ከሚገቡት ጅረቶች አንዱ፣ ከድልድዩ የግራ ጠርዝ ወደ ምሥራቅ። ሚያዝያ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት። ነፋስ ከፋብሪካዎቹ በኩል ይነፍሳል፤ ሽታው እንደ በሰበሰ ቆዳ ነው፣ ከመንገዱ ጀምሮ ይሰማል። ያነጋገርናቸው አርሶ አደር ከአራት ዓመት ወዲህ አህያቸውን እዚህ አጠጥተው አያውቁም፤ አርባ ደቂቃ ሽቅብ ይሄዳሉ። ዛሬም አህያዋ አሽትታ ተመልሳለች።»